የቁስቋም ዘማቾች መዝገብ

ተናጋሪዎች፦ የኔታ፣ የቅኔ መምህር፤ አስተማሪው፣ የታሪክ መምህር።

አስተማሪው፦ የኔታ፣ የምከራከርለትን ነገር አስቀድሜ ልናገር። የቁስቋም አጥቢያ ከደጁ ተነሥተው የዘመቱ ሰዎችን መዝገብ ራሱ መጻፍ አለበት። ማን እንደ ዘመተ፣ ማን እንደ ጠራው፣ በፈቃዱ ይሁን በግድ፣ የት እንደ ደረሰ፣ ተመለሰ ወይስ ቀረ የሚል መዝገብ ማለቴ ነው። ይህን የምለው የጦርነት ታሪካችን እስካሁን ከአዝማቹ ድንኳን ሆኖ ስለ ተጻፈ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ በደርቡሽ ጦር ተሸነፉ። የደርቡሹ አዝማች ሐምዳን አቡ አንጃ ወዲያው ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ያነጹት ይህ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምም የዚያ ዘመን ጥፋት ደረሰበት። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የአቡ አንጃንም እናውቃለን። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ ስም በየመጽሐፉ አለ። ከእነዚህ ኮረብታዎች ወርዶ ሳር ውኃ ላይ የቀረው ገበሬና ተማርካ ወደ ኦምዱርማን የተነዳችው ሴት ግን በታሪካችን ውስጥ ስም የላቸውም። «ብዙ ሰው አለቀ» ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ሰው ሲባል ደግሞ ማንም አልተጠራም።

የኔታ፦ ስም የላቸውም አትበል፣ ልጄ። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በስም ታውቃለች። ሰው ሲሞት በክርስትና ስሙ ፍትሐት ይደረግለታል፣ በአርባው ተዝካሩ ይወጣል፣ በሙት ዓመቱ ይታሰባል። አስከሬኑ በረሃ የቀረ ዘማች እንኳ ቤተሰቡ ስሙን ለካህኑ ሰጥቶ ጸሎት ያስደርግለታል። ቆጣሪው እግዚአብሔር ነው። የሰው መዝገብ የሚፈለገው ለሌላ ነገር ነው፤ የእኔ አባት ከአባትህ ይበልጣል ለማለት። ያንን ሥራ ፉከራውና ቀረርቶው ድሮም ሲሠሩት ኖረዋል። ውዳሴ ከንቱ በጽሑፍ እንዲጨመርበት አልሻም።

አስተማሪው፦ ጸሎቱን አልነካም፤ ጸሎት የሚሠራውን መዝገብ ሊሠራው አይችልም። ነገር ግን፣ የኔታ፣ ተዝካር የሚዘልቀው ቤቱ እስከ ዘለቀ ድረስ ነው። ቤተሰቡ ሲያልቅ፣ ሲሰደድ ወይም ሲደኸይ ስሙን ለካህን የሚያቀብል ይጠፋል። ጦርነት ደግሞ ዘማቹን ብቻ አይወስድም፤ ብዙ ጊዜ ቤቱንም አብሮ ያጠፋል። ጎንደር በ1880 ዓ.ም. ስትቃጠል የሆነው ይኸው ነው፤ ሟቹም፣ ሟቹን የሚያስታውሰውም፣ ስሙ ሊጻፍበት ይችል የነበረው ብራናም በአንድ እሳት ሄዱ። ስለ ውዳሴ ከንቱ ላሉት ደግሞ መልሱ እዚሁ ደብር ውስጥ አለ። የቁስቋም መሬት በጽሑፍ የተመዘገበ ነው፤ የታሪክ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ክራሚና ሹመት ሲሻኝ የደብሩን መሬቶች ለይተው ማጥናት የቻሉት የጎንደር ካህናት ጽፈው ማኖር ስለሚያውቁ ነው። በጎንደር ዘመን ሪም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን መሬት ሲሸጥና ሲወረስ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱና ምስክሩ በየስማቸው ይጻፉ ነበር፤ ዋጋው በወቄት ወርቅ ይገለጽ፣ የተጻፈውን የሚያፈርስም ይገዘት ነበር። እነዚያ ሊቃውንት ይህን ያደረጉት ሰው በመሬቱ እንዲመካ አይደለም። ነገ ጠብ ሲነሣ እውነቱ እንዲገኝ ነው። ለአንዲት ቁራሽ መሬት ምስክር ተቆጥሮ ከተጻፈ፣ ከአጥቢያው ለተወሰደ ሰው መጻፍ በምን ምክንያት ከንቱ ይሆናል?

የኔታ፦ የመሬቱ መዝገብ የእኛ ነው። ይኼኛው ግን የፈረንጅ ሐሳብ ይመስለኛል። በእንግሊዝ አገር በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የወደቁት ስም በድንጋይ ተቀርጾ ቆሟል ሲባል እሰማለሁ። እነርሱ ስላደረጉት ነው እኛም የምናደርገው?

አስተማሪው፦ ስላደረጉት አይደለም። እንዴት ወደዚያ እንደ ደረሱ ማየቱ ግን ስለ ራሳችን አንድ ነገር ያስተምረናል። እንግሊዞችም ለረጅም ዘመን እንደኛው ነበሩ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚቀረጸው የባላባቱና የመኮንኑ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1757 የወጣው የሚሊሻ ሕግ በየአጥቢያው ከ18 እስከ 50 ዓመት ያለው ወንድ ስሙ እንዲመዘገብና በዕጣ እንዲወሰድ አዘዘ። እንግዲህ ተራው ሰው በስሙ የተጻፈው መጀመሪያ ለመወሰድ ነው፤ ለመታወስ የተጻፈው ብዙ ቆይቶ ነው። ለመታወስ መጻፍ የተስፋፋው ከቦር ጦርነት ወዲህ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 ከነበረው ታላቅ ጦርነት በኋላ ነው። በዚያ ጦርነት የአንድ ከተማና የአንድ ሠፈር ልጆች በአንድ ሻለቃ ይዘምቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1916 ሶም ላይ ከአክሪንግተን ሻለቃ ወደ 700 ከሚሆኑት ሰዎች 584ቱ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። ልጆቹ ሁሉ በሕይወት የተመለሱለት የገጠር አጥቢያ ከሺዎቹ መካከል ጥቂት ዐሥሮች ብቻ ነው። ጉዳቱ በሠፈር ሲደርስ መታሰቢያውም በሠፈር ሆነ። የእኛ ሰውስ እንዴት ነበር የሚዘምተው? በአገሩና በአለቃው አይደለምን? ዐፄ ምኒልክ ለአድዋ ክተት ሲያውጁ የጎንደርና የደምቢያ ሰው አሸንጌ፣ የሰሜን፣ የወልቃይትና የጠገዴ ሰው መቀሌ እንዲከት ተደርጎ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ አለቃው በመጥፎ ስፍራ ሲሰለፍ የአንድ አገር ወንድ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ የአጥቢያ መዝገብ ከሌላ አገር ተውሼ የማመጣው ነገር አይደለም። እኛ ጋ ዘመቻው ራሱ የአጥቢያ ነበር፤ የጎደለው መጻፉ ነው።

የኔታ፦ እነርሱ እኮ ወረቀት ነበራቸው። ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት፣ የሚቆጥር ጸሐፊ ነበራቸው። የእኛ ዘማች ስንቁን ከጎታው፣ ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርዶ የሄደ ሰው ነው፤ ከስሙ ጋር የቆጠረው የለም። ከመቶ ዓመት በኋላ በምን ታገኘዋለህ? በሽማግሌ አፍ? ሽማግሌ የአባቱን ገድል ሲናገር አንዱን ጠላት ዐሥር እንደሚያደርግ አንተም ታውቃለህ።

አስተማሪው፦ በወረቀቱ ልጀምር። ወረቀት ያላቸውም ቢሆኑ የፈለጉትን ነው የጻፉት። የእንግሊዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1917 ሲቋቋም የሞተ ሁሉ በማዕርግ ሳይለይ እኩል በስሙ ይታሰባል ብሎ ነበር። ይኸው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ ግን ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች በስማቸው ሳይታሰቡ፣ ከናካቴውም ሳይታሰቡ እንደ ቀሩ አመነ። አብዛኞቹ በምሥራቅ አፍሪካና በግብፅ ጦሩን ያገለገሉ፣ በምሥራቅ አፍሪካም ሸክም ተሸክመው የዘመቱ ነበሩ። የጎደለው ወረቀት አልነበረም፤ ሊጻፍ ይገባዋል የሚል ሐሳብ ነው። እዚህ ግን ወረቀቱ ቢያንስም ምስክር አለ። ሽማግሌው የአባቱን ጀብዱ ያበዛ ይሆናል፤ አባቱ በማን ስር እንደ ዘመተና በየትኛው ዓመት እንደ ቀረ ግን ብዙ ጊዜ አይስትም፣ ምክንያቱም ርስቱ፣ ጋብቻውና ልጅነቱ በዚያ ይቆጠራል። በጎንደር የርስት ክርክር ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ፣ በሌላው ወገን ምስክር ተፈትኖ ነበር የሚረታው። ያንኑ ሥርዓት እዚህ እንጠቀምበት፤ አንድ ቤት የተናገረውን ሌላ ቤት ካላጸናው «አንድ ምስክር» ተብሎ ይጻፍ። ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ላለው ደግሞ የሚዳሰስ ነገር አለ። የአርበኛው ሜዳይ ዘንባባ አለው፤ የዘንባባው ቁጥር ስንት ዓመት እንደ ተዋጋ ይናገራል። ከነጻነት በኋላ ለአርበኛና ለስደተኛ መሬት ሲሰጥ የተጻፈ ወረቀት በየሣጥኑ አለ፤ የጡረታ ደብዳቤ አለ፤ የእድርና የጽዋ ማኅበር ደብተር አለ። ወደ ኮርያ የሄዱት የቃኘው ሰዎች እንኳ ከ120 በላይ እንደ ሞቱባቸው የታወቀው በየስማቸው ስለ ተያዙ ነው። እዚያ የተቻለው ለአገር ቤቱ ዘማች የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የኔታ፦ መልካም። እንግዲያው ከባዱን ልጠይቅህ። ከአንድ አጥቢያ አንዱ አርበኛ፣ አንዱ ባንዳ ሆኖ ነበር። ልጆቻቸው ዛሬ አብረው ይቀድሳሉ፣ ይጋባሉ፣ በአንድ እድር ይቀባበራሉ። ያ ነገር የተረሳው በብዙ ሽምግልና ነው። የደርግ ዘመንማ ከዚያ ይብሳል። መዝገብህ ሲገለጥ ደም አይቀሰቅስም? መርሳትም እኮ አንዳንዴ የእርቅ ሥራ ነው።

አስተማሪው፦ ከተቃውሞዎ ሁሉ የምፈራው ይህንን ነው፤ መልሱም ረዘም ይላል። እስኪ ዘማቹን ዘመን በዘመን እንከተለው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ሲወድቁ የበጌምድር ሰው ከእርሳቸው ጋር ሆኖ የማዕከላዊውን መንግሥት ጦር ተዋግቷል፤ አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ሲጥልበትም አይቷል። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ያው ሰው ለዚያው መንግሥት ክተት ተባለ። ከፊሉ ከራስ ካሳና ከልጃቸው ከደጃዝማች ወንድወሰን ጋር ወደ ተምቤን ሄደ፤ የሰሜኑ ሰው ደግሞ ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጋር ተከዜን ተሻግሮ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደንበጓና ላይ የኢጣሊያን ታንክ በእጁ ገጠመ፤ በሳምንቱ መርዝ ጋዝ ተነፋበት። በመጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያው የስታራቼ ሠራዊት ጎንደር ሲገባ አዝማቾቹ ገና ከግንባር አልተመለሱም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ዓመት ተኩል «አርበኛ» እና «ባንዳ» በሚሉ ሁለት ቃላት ከፍለን እንጨርሰዋለን። ግን አርማጭሆ ገብቶ ከአሞራው ውብነህ ጋር የተዋጋ፣ ወልቃይትና ጠገዴ ከአዳነ መኰንን ጋር የተሰለፈ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በረሃብ ምክንያት ለጠላት መንገድ የሠራም አለ፤ ገብቶ እንደ ገና የሸፈተም አለ፤ ጠመንጃና ጥይት ይዞ ለመጥፋት ሲል ባንዳ የሆነም አለ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ቁልቋል በር ወድቆ፣ በዚያው ወር 18 ቀን የኢጣሊያው ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ሲያስረክብ በዙሪያው የነበሩት የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶችና የእኛ አርበኞች ነበሩ፤ በምሽጉ ውስጥ ከኢጣሊያኑ ጋር የነበረውም ብዙው የአገሬው ተወላጅ ነው። ሁለት ቃላት ይህን ሁሉ አይዙትም። ደም የሚቀሰቅሰው ደግሞ ቃሉ ነው። «የባንዳ ልጅ» የሚለው ስድብ እስከ ዛሬ የሚሠራው ዝርዝሩ ስለማይታወቅ ነው፤ ዝርዝር በሌለበት ማንም በማንም ላይ ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ጀግና» የሚል ዓምድ አይኖርም፤ «ከሐዲ» የሚልም አይኖርም። «ማን ጠራው» የሚል ይኖራል፣ «እንዴት ሄደ» የሚል ይኖራል።

የደርግንም ዘመን በዚሁ ዓይን ይመልከቱልኝ። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ሚሊሻ የሆነ ገበሬ አለ። በዚያው ዓመት መተማና ሁመራ ላይ ከኢዲዩ ጋር የተሰለፈ አለ፤ ኢሕአፓን ተከትሎ ጫካ የገባ ወጣት አለ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወንድ ለሠላሳ ወር ግዴታ አስገባው፤ ኮታውን የሚያሟላው ቀበሌና የገበሬ ማኅበር ስለ ነበረ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠቆመ አስወሰደው። ለእኔ ከጦርነቱ ሁሉ የከፋው ቁስል ይህ ነው፤ ከገበያና ከመንገድ በአፈሳ ተወስዶ ኤርትራ ውስጥ የቀረ ልጅ እናት ማንን ትጠይቅ? በየካቲት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ቴዎድሮስ ተጀምሮ ኢሕአዴግ ጎንደርን ሲይዝ የዚያ ሠራዊት ስም ከመንግሥቱ ጋር ወደቀ፤ በግድ የተወሰደውም ልጅ «የደርግ ወታደር» ተብሎ ተደመደመ፣ ሐዘኑም ከቤት የማይወጣ ሆነ። እርቅ የሚመጣው ከመርሳት ነው ላሉት የምመልሰው ይህንን ነው። አሸናፊው ወገን ሐውልት ሲያቆም መርሳት የሚታዘዘው ሌላው ብቻ ነው። የኔታ፣ እርስዎ ፍትሐት ሲያደርሱ ሟቹ በየትኛው ወገን እንደ ነበረ አይጠይቁም። መዝገቡም ያንን ሥርዓት ይያዝ ነው የምለው። የሁሉም ወገን ልጆች ከነአካሄዳቸው በአንድ ገጽ ሲጻፉ፣ አጥቢያው ለስንት ጌታ ስንት ልጅ እንደ ገበረ ይታያል። ይህ ሲታይ ፉከራው ራሱ ሌላ ድምፅ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

የኔታ፦ አባባልህን አልጠላሁትም። ግን አጥቢያ ስትል የተጠመቀውን ነው የምትቆጥረው። ጎንደር የእኛ ብቻ ናትን? አዲስ ዓለም እስላሙ አለ፣ ወለቃ ቤተ እስራኤሉ ነበረ፣ ቅማንቱ አለ። ደግሞም ሴቶቹስ? ዘማች ካልክ ስንቅ የፈጨችውን ወዴት ታደርጋታለህ?

አስተማሪው፦ ሁለቱም ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው የሐሳቤን ድንበር ያሳያል። የቁስቋም ካህናት የሙስሊሙን ስም በተዝካር ሊያገኙት አይችሉም። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በተቀመጡበት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1668 ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ በየሠፈራቸው ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ ወዲህ የከተማዪቱ ትዝታም በሠፈር ተከፍሎ ኖሯል። ጦርነቱ ግን እንደዚያ አልከፈላቸውም። ለሠራዊቱ ጦርና ማረሻ ከቀጠቀጡት እጆች ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ዛሬ እስራኤል ናቸውና የአያቶቻቸውን ነገር ከእነርሱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የቁስቋም መዝገብ የቁስቋም ብቻ ነው፤ መስጊዱም የራሱን ይጻፍ፣ ከዚያ ሁለቱ ይተያዩ። አንድ ደብር የሁሉን ታሪክ ልጻፍ ካለ ያንኑ የድንኳኑን ስሕተት ይደግማል። ሴቶቹን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር አንድ ነኝ፤ የቀድሞው ሠራዊት የስንቅ ክፍል አልነበረውም። በሶውን የቆላች፣ ገንቦ ተሸክማ የተከተለች፣ ሰፈር ላይ የጋገረች ሴት ከሌለች ወንዱ ሳምንት አይዘልቅም። በቅሎ ጫኙም፣ ጠመንጃ ያዡ አሽከርም እንዲሁ። ከዘመቻ የቀረችው ሴት ልጅ ሳትወልድ ሞታ ከሆነ ትውልድ የሚቆጥርላት የለም፤ ቶሎ የሚጠፋው የእርስዋ ስም ነውና ፍለጋው ከእርስዋ ይጀመር።

የኔታ፦ የመጨረሻውን ልናገር፤ ይህንን በዋዛ እንዳታልፈው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ታውቃለህ። ዳባትና ደባርቅ ድረስ ጦርነት ደርሷል፣ ከዚያም በኋላ ጥይቱ አላባራም። ዛሬ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደ ሄደ የሚዘረዝር ወረቀት የታሪክ መጽሐፍ አይሆንም። በማናቸውም ወገን እጅ ቢወድቅ ቤት ያስፈርሳል። የእንግሊዙ አጥቢያ ስሙን በድንጋይ የቀረጸው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው።

አስተማሪው፦ በዚህ ላይ አልከራከርዎትም። መዝገቡ በ1983 ዓ.ም. ይቁም። ከዚያ ወዲህ ያለው አይጻፍ፣ አይጠየቅ፤ ቤተሰብ በገዛ ፈቃዱ የሟቹን ስም ቢያመጣ እንኳ ለጸሎት የክርስትና ስሙ ብቻ ይያዝ። ከዚያ በፊት ላለው ግን ሁለቱም ስም፣ የክርስትናውም የዓለሙም፣ ጎን ለጎን መጻፍ አለበት፤ ቤተ ክርስቲያን በአንዱ ስታውቀው ጦሩ በሌላው ያውቀው ስለ ነበር አንዱ ብቻ ቢያዝ ሰውየው ሁለት ሰው ይሆናል፣ ወይም ይጠፋል።

የኔታ፦ እንዲያ ከሆነ ከ1928ቱ ጀምር፤ የዚያን ትውልድ ነገር ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙት ልጆች አርጅተዋል፣ እነርሱ ካለፉ የሚመሰክር የለም። የ1880ውን ለእኛ ተወው፤ በየመጽሐፉ ባዶ ገጽ የተጻፈውን ከካህናቱ ጋር እናያለን። መዝገቡ በሁለት ይገለበጥና አንዱ በዕቃ ቤት፣ አንዱ ከደብሩ ውጪ ይቀመጥ፤ አንድ ጊዜ ተቃጥለናል። የአፈሳውን ዓምድ ነገር ግን አልጨረስንም፤ ጠቋሚውንም ልትጽፍ ነው?

አስተማሪው፦ ቀበሌውን እጽፋለሁ፣ ጠቋሚውን አልጽፍም።

የኔታ፦ እናቲቱ የምትፈልገው ግን እርሱን ነው። በዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡበት።